በየወሩ 12 በመቶ የሚከፍል ፈንድ ለጡረታ ይበጃል?

ጥያቄ፦ «61 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ብቻዬን ነኝ። በ401ኬ (በመሥሪያ ቤቴ በኩል ባለ የጡረታ ቁጠባ) 360,000 ዶላር፣ በተራ ብሮከሬጅ (የአክሲዮን መገበያያ) አካውንት ደግሞ 120,000 ዶላር አለኝ። በ63 ዓመቴ ሥራ ማቆም እፈልጋለሁ። በወር 3,600 ዶላር ካገኘሁ ይበቃኛል። ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) በ67 ዓመቴ ብጀምር 2,000 ዶላር እንደሚከፍለኝ አይቻለሁ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ገንዘቧን በሙሉ በዓመት 12 በመቶ፣ በየወሩ የሚከፍል የዲቪደንድ ፈንድ ውስጥ አስገብታለች። ‹ዋናውን ሳትነኪ ትርፉን ብቻ ትበያለሽ› ትለኛለች። በእሷ ስሌት በወር 4,800 ዶላር አገኛለሁ። እውነት ነው? ካልሆነስ የትኛውን ፈንድ ልምረጥ?»

መልስ፦ እውነት አይደለም። የብዜት ስሌቱ ልክ ነው። 480,000 ዶላር በ12 በመቶ በዓመት 57,600፣ በወር 4,800 ዶላር ይመጣል። ችግሩ «ዋናውን ሳትነኪ» የሚለው ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ፈንድ ዋናውን ይነካል። የሚነካው ቀስ እያለ ስለሆነ ባለቤቱ የሚነቃው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ 72 ወይም 75 ዓመት ሞልቶ ሥራ ፍለጋ መውጣት የለም። ጠንከር ብዬ የምናገረውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዲቪደንድ ምንነት እንግባባ። ብዙ ሰው ዲቪደንድን እንደ ባንክ ወለድ ያየዋል። ወለድ ሲከፈልዎት ዋናው ቁጠባ እዚያው አለ። ዲቪደንድ ግን ከኩባንያው ካዝና የሚወጣ ገንዘብ ነው። ካዝናው ይጎድላል፣ የአክሲዮኑም ዋጋ በዚያው ልክ ይወርዳል። 100 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን 1 ዶላር ዲቪደንድ የሚከፍል ከሆነ፣ ክፍያው ለአዲስ ገዢ የማይደርስበት ቀን ሲመጣ ዋጋው 99 ዶላር አካባቢ ይከፈታል። በዕለቱ ሌላ ወሬም ዋጋውን ስለሚገፋው ቅናሹ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ሒሳቡ ግን ይኸው ነው። ሜርተን ሚለር እና ፍራንኮ ሞዲግሊያኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1961 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ታክስና የግብይት ወጪ ባይኖር፣ ኩባንያው ዲቪደንድ ከፈለም አልከፈለም የባለአክሲዮኑ ጠቅላላ ሀብት አይለወጥም።

እንዲህ ስል ዲቪደንድ አይረባም ማለቴ አይደለም። ጥሩ ኩባንያ በየዓመቱ ስለሚያተርፍ የጎደለውን መልሶ ይሞላዋል፣ አልፎም ይሄዳል። ዋናው ነገር የሚከፈልዎት ገንዘብ ኩባንያዎቹ ከሚያተርፉት በታች መሆኑ ነው። የአሜሪካን ትልልቅ ኩባንያዎች በጅምላ የሚይዝ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፈንድ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዲቪደንድ መልክ የከፈለው ከ2 በመቶ በታች ነው። ጥሩ ዲቪደንድ ከፋዮችን መርጠው የያዙ ፈንዶች 3 ወይም 3.5 በመቶ አካባቢ ይከፍላሉ። ታዲያ 12 በመቶው ከየት መጣ?

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኦፕሽን ሽያጭ ነው። ፈንዱ አክሲዮኖቹን ይይዝና «ዋጋው ከዚህ በላይ ከወጣ የበላዩን ትርፍ አንተ ውሰድ» የሚል መብት ለሌላ ሰው ይሸጣል። ለዚህ መብት ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። በየወሩ የሚላክልዎት ገንዘብ በአብዛኛው ይህ ነው። ገበያው ሲወርድ ኪሳራው ከሞላ ጎደል የእርስዎ ነው፤ የተቀበሉት ገንዘብ ትንሽ ያለሰልሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ገበያው ሲወጣ ትርፉ የሌላው ሰው ነው። በአንድ ወር ይህ ብዙም አይሰማም። በ10 ዓመት ግን ትልቅ ገንዘብ ነው።

በግሎባል ኤክስ የሚተዳደረውንና ኪውዋይኤልዲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ፈንድ ልውሰድ። ናስዳክ 100 ኢንዴክስ (የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የገበያ መለኪያ) ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች ይዞ በየወሩ ኦፕሽን ይሸጣል። በ2013 መጨረሻ ሲጀምር የአንዱ ድርሻ ዋጋ 25 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2024 መጨረሻ ከ20 ዶላር በታች ወርዷል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ናስዳክ 100 ራሱ ከ3,600 ነጥብ ገደማ ተነስቶ 21,000 ደርሷል፤ ወደ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። የፈንዱ ባለቤት በመሃል በየወሩ ተከፍሎታል። ያ ገንዘብ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የተከፈለውን ሁሉ መልሶ ቢያስገባ እንኳ ናስዳክን በቀጥታ ከያዘው ሰው እጅግ ርቆ ወደ ኋላ ቀርቷል። ያልመለሰውና በየወሩ የበላው ደግሞ ዛሬ የያዘው ድርሻ ዋጋው ያነሰ ነው። የወር ክፍያው ከድርሻው ዋጋ ጋር ስለሚሄድ፣ ዋጋው ሲሳሳ ገቢውም ይሳሳል።

ይህ የሆነበት ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። በ2022 ናስዳክ 100 አንድ ሦስተኛ ያህል ወረደ፣ ፈንዱም አብሮ ወረደ። በ2023 ኢንዴክሱ ከ50 በመቶ በላይ አገገመ። ፈንዱ ግን ክፍያው ተጨምሮበት እንኳ የዚያን ግማሽ አላገኘም። መውረዱን በአብዛኛው ተካፍሎ መውጣቱን በከፊል ብቻ የሚያገኝ ገንዘብ፣ ጥቂት እንዲህ ያሉ ዓመታት ሲደጋገሙበት ይመነምናል።

ሁለተኛው ምንጭ የራስዎ ገንዘብ ነው። የካፒታል ተመላሽ ይባላል። ፈንዱ ቃል የገባውን ያህል ገቢ ሳያገኝ ሲቀር ካስገቡት ላይ ቀንሶ ይልክልዎታል። ላሟን እየቆረጡ ሥጋውን «ወተት ነው» ብሎ እንደ መስጠት ነው። በእርግጥ በወረቀት ላይ ተመላሽ ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ አንዳንዴ የታክስ አመዳደብ ብቻ ነው። ፈንዱ የሚከፍለው ከመደበኛ ገቢው ውጭ ሲሆን ግን ምንጩን ለባለቤቶቹ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ባልደረባዎ ያንን ማስታወቂያ አንብባው እንደሆነ ይጠይቋት። በዚያ ላይ ተመላሹ የበዛ፣ የድርሻውም ዋጋ ከዓመት ዓመት የሚወርድ ከሆነ፣ የምትበላው ዋናውን ነው። ሦስተኛው ምንጭ ብድር ነው። አንዳንድ ዝግ ፈንዶች (የድርሻቸው ቁጥር የተወሰነ ፈንዶች) ተበድረው ተጨማሪ ንብረት ይገዛሉ። ወለድ ዝቅ ባለ ጊዜ ያምራል። በ2022 እንደሆነው ወለድ በፍጥነት ሲወጣ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ብድሩ ይወደዳል፣ የያዙት ንብረት ዋጋም ይወድቃል።

በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ብቻ ኦፕሽን እየሸጡ በዓመት 40 እና 50 በመቶ እንከፍላለን ስለሚሉት አዳዲስ ፈንዶች ብዙ አልጽፍም። ለጡረታ ገንዘብ አይሆኑም። አንድ ዶላርም አያስገቡ።

ከኦፕሽን ፈንዶች ቤተሰብ ለዘብ የሚለው የጄፒ ሞርጋኑ ጄኢፒአይ ነው። በግንቦት 2020 የተጀመረ ነው። ብዙ የማይዋዥቁ አክሲዮኖችን መርጦ ይይዛል፣ ኦፕሽን የሚሸጠው በገንዘቡ ከፊል ላይ ነው፣ የሚያስከፍለው የዓመት የአስተዳደር ክፍያ 0.35 በመቶ ነው። በ2022 ገበያው ሲወርድ ጉዳቱ ቀላል ነበር። በ2023 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ25 በመቶ በላይ ሲያተርፍ ግን እሱ 10 በመቶ አካባቢ ላይ ቀረ። አንድ ሰው «የግድ ትንሽ ልያዝ» ካለኝ ከጠቅላላው ገንዘብ 10 በመቶ እንዳያልፍ፣ እሱም እንደ 401ኬ ባለ ከታክስ በተጠለለ አካውንት ውስጥ ብቻ እንዲሆን እመክራለሁ። ለእርስዎ ግን አስፈላጊነቱ አይታየኝም።

አሁን ወደ «በየወሩ» እንምጣ። ፈንዱ በየወሩ መክፈሉ ከጥራቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አብዛኞቹ ጥሩ የአክሲዮን ፈንዶች በየሦስት ወሩ ነው የሚከፍሉት፤ ብዙዎቹ በመጋቢት፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ። አንዳንዱ ሰው የተለያየ ወር ላይ የሚከፍሉ ፈንዶችን እየለቀመ የክፍያ ካሌንደር ይሠራል። አያስፈልግም። የሚከፈለው ዲቪደንድና ወለድ ሁሉ ብሮከሬጁ ውስጥ ባለ መኒ ማርኬት (ወለድ በሚከፍል የጥሬ ገንዘብ ማቆያ ፈንድ) ይጠራቀም። ከዚያ በወር አንድ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ወደ ባንክዎ በራሱ እንዲተላለፍ ያዙት። ሁሉም ትልልቅ ብሮከሬጆች ይህን በነፃ ያደርጋሉ። ደሞዝዎን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ፈንዱ አይደለም። ይህን ከተረዱ ከገበያው ፈንዶች ውስጥ በካሌንደር ምክንያት የሚያጡት አንድም አይኖርም።

ስለዚህ ከፈንዱ ስም በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ከዚህ ገንዘብ ላይ በዓመት ስንት ቢወጣ ሳያልቅ ይዘልቃል?» የሚለው ነው። ዊልያም ቤንገን የተባለ የፋይናንስ አማካሪ በ1994 ይህን በታሪክ መረጃ ፈትሾት ነበር። በግማሹ አክሲዮን በግማሹ የመንግሥት ቦንድ (ለመንግሥት የሚሰጥ ወለድ ያለው ብድር) የያዘ ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ ቢያወጣ፣ ከዚያ በየዓመቱ የዋጋ ንረትን ብቻ እየጨመረ ቢሄድ፣ በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ በነበሩት ክፉ ዘመናት ሁሉ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ቆይቷል። ቤንገን ራሱ በኋላ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጎታል። ሕግ አይደለም፣ የወደፊቱንም አያረጋግጥም። ከ4 ወደ 5 በመቶ ሲጠጉ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ፣ 12 በመቶ ደግሞ ከጨዋታው ውጭ እንደሆነ ግን በግልጽ ያሳያል። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ስሌት የዋጋ ንረት ገብቷል። ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ 3,600 ዶላር የሚገዛውን ከ20 ዓመት በኋላ ለመግዛት 6,500 ዶላር ያስፈልጋል። ክፍያው የማያድግ ፈንድ ይህን አይሸከምም።

የእርስዎን ቁጥር በዚህ እንመዝነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ሳይቀነስ የሚከፈልዎት ሙሉ የጡረታ ዕድሜዎ 67 ነው። ሶሻል ሴኩሪቲን በ63 ከጀመሩ ከ2,000 ዶላሩ ሩብ ተቀንሶ 1,500 ነው የሚያገኙት። ከ3,600 ላይ 2,100 ይጎድላል። በዓመት 25,200 ዶላር፣ ከ480,000ው 5.25 በመቶ ነው። ያውም የ401ኬው ገንዘብ ሲወጣ ታክስ እንዳለበት ሳንቆጥር። በዚህ ላይ ሜዲኬር (የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) የሚጀምረው በ65 ዓመት ነው። በ63 ካቆሙ ሁለት ዓመት ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ ከኪስዎ ይገዛሉ። በ61 ዓመት ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሳያሰላ ጡረታ መውጣት የለበትም። እኔን ከፈንዱ ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

እስከ 65 ቢሠሩስ? ከ60 እስከ 63 ዓመት ላሉ ሠራተኞች ከ2025 ጀምሮ የተለየ ዕድል ተከፍቷል። የ401ኬ የዓመት ጣሪያ በ2025 23,500 ዶላር ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ፕላኑ ከፈቀደ፣ እስከ 11,250 ዶላር ተጨማሪ ማስገባት ይችላል። ጣሪያውን መሙላት አይጠበቅብዎትም። በዓመት 20,000 ዶላር ብቻ ለአራት ዓመት ቢያስገቡ፣ ምንም ትርፍ ሳንጨምር 560,000 ዶላር ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲን በ65 ቢጀምሩ 1,733 ዶላር ገደማ ነው። የሚጎድለው በዓመት 22,400 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከ560,000ው ልክ 4 በመቶ። ሁለት ዓመት ሥራ መጨመርና እስከዚያው መቆጠብ ስሌቱን ከአደገኛው ወደ ሚቻለው አመጣው። ይህን የሚያህል ለውጥ የሚያመጣ ፈንድ በገበያው ላይ የለም።

ከ65 በኋላ የግማሽ ቀን ሥራ አግኝተው ሶሻል ሴኩሪቲን እስከ 67 ቢያቆዩት 2,000፣ እስከ 70 ቢያቆዩት 2,480 ዶላር ይሆናል። ከ67 በኋላ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨምራል። ይህ ገቢ ዕድሜ ልክ ነው፣ በየወሩ ነው፣ በመንግሥት ነው የሚከፈለው፣ ከዋጋ ንረት ጋርም ያድጋል። ለ2023 የተደረገው ጭማሪ 8.7 በመቶ ነበር። በየወሩ የሚከፍል ገቢ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ሰው ግን ቶሎ ጀምሮት የጎደለውን በአደገኛ ፈንድ ሊሞላ ይሮጣል። ተቃራኒውን ማድረግ ነው የሚሻለው።

አሁን ስለ ዲቪደንድ ፈንዶቹ። ከፍተኛ ክፍያ ያለውን ከዝርዝር አናት ላይ ማንሳት ትልቁ ስህተት ነው። የክፍያ መቶኛ ማለት ዲቪደንዱ ለዋጋው ሲካፈል ነው። ዋጋው ሲወድቅ መቶኛው ይወጣል። ስለዚህ መቶኛው በጣም ከፍ ያለ አክሲዮን ብዙ ጊዜ ገበያው «ይህ ክፍያ ይቆረጣል» ብሎ የጠረጠረው ነው። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ2009 የሦስት ወር ክፍያውን ከ31 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አወረደ። በ2018 አንድ ሳንቲም ደረሰ። የመድኃኒት መደብሮቹ ዋልግሪንስ ከ40 ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ዲቪደንድ ሲያሳድግ ኖሮ፣ በጥር 2024 ክፍያውን በግማሽ ያህል ቆረጠ፣ በ2025 መጀመሪያ ጭራሹን አቆመው። ክፍያው ከመቆረጡ በፊት ሁለቱም በዲቪደንድ ወዳጆች ዘንድ የተከበሩ ስሞች ነበሩ። አንድ ኩባንያ መርጦ ከመያዝ ይልቅ መቶ ኩባንያ የያዘ ፈንድ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

በእኔ አስተያየት ለእርስዎ ዓላማ የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሽዋቡ ኤስሲኤችዲ ነው። በጥቅምት 2011 የተጀመረ፣ የሚያስከፍለው የዓመት የአስተዳደር ክፍያ 0.06 በመቶ የሆነ ፈንድ ነው። ከ100,000 ዶላር ላይ በዓመት 60 ዶላር ይወስዳል። ኪውዋይኤልዲ 600 ያህል ይወስዳል። ኤስሲኤችዲ ውስጥ ለመግባት አንድ ኩባንያ ቢያንስ 10 ተከታታይ ዓመት ዲቪደንድ የከፈለ መሆን አለበት። ከዚያ ከዕዳው አንጻር ያለው የገንዘብ ፍሰት፣ ትርፋማነቱ፣ የክፍያ መጠኑና ክፍያው ባለፉት አምስት ዓመታት ያደገበት ፍጥነት ተመዝኖ 100 ያህሉ ይመረጣሉ። ክፍያ ብቻ ሳይሆን የመክፈል አቅምም መታየቱን ነው የምወደው። ሁለተኛው የቫንጋርዱ ቪአይጂ ነው። ዲቪደንዳቸውን 10 ዓመት በተከታታይ ያሳደጉትን ይይዛል፣ በጣም ከፍተኛ ክፍያ ያላቸውን አንድ አራተኛ ደግሞ ሆን ብሎ ያስወጣል። ዛሬ የሚከፍለው ከ2 በመቶ በታች ነው። ገና ለጡረታ አራት ዓመት ለቀረው ሰው ይህ ጉድለት አይደለም። የቫንጋርዱ ቪዋይኤም በሁለቱ መሃል ያለ፣ ከ500 በላይ ኩባንያ የያዘ ሰፊ ፈንድ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ከኤስሲኤችዲ ጋር ደርቦ መያዝ ብዙ አይጨምርም።

ለእነዚህም ቢሆን ልብዎን ሙሉ አይስጡ። በ2022 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 18 በመቶ ሲያጣ ኤስሲኤችዲ 3 በመቶ አካባቢ ብቻ አጣ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ። በ2023 ደግሞ ገበያው 26 በመቶ ሲያተርፍ እሱ ከ5 በመቶ በታች ላይ ቆመ። የቴክኖሎጂ ኩባንያ ስለሚያንስበት፣ ኃይል፣ ጤናና የቤት ፍጆታ ስለሚበዛበት ነው። በዲቪደንድ ፈንድ ብቻ የተሞላ የጡረታ ገንዘብ የገበያውን ግማሽ ትቶታል ማለት ነው። ሌላው፣ ዲቪደንድም ይቀንሳል። ከ2008 ወደ 2009 የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኩባንያዎች ዲቪደንድ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ወርዷል። ዋጋውም ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ከግማሽ በላይ ወድቆ ነበር። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ፣ ቦንድ የሌለው ሰው በወደቀ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ያ የተሸጠው ድርሻ ደግሞ ገበያው ሲያገግም አብሮ አይመለስም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። 65 ሲሞላዎት ከ560,000 ዶላሩ 60 በመቶው በአክሲዮን፣ 40 በመቶው በቦንድና በጥሬ ገንዘብ ይሁን። የአክሲዮኑ ግማሽ የአሜሪካን ገበያ በሙሉ በሚይዝ ርካሽ የኢንዴክስ ፈንድ፣ ግማሹ በኤስሲኤችዲ ወይም በቪአይጂ። ከቦንዱ ክፍል ላይ የሁለት ዓመት ጉድለትዎን፣ ማለትም ወደ 45,000 ዶላር፣ በመኒ ማርኬትና በአጭር ጊዜ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ያስቀምጡ። የቀረው አጭርና መካከለኛ ጊዜ ባላቸው የመንግሥት ቦንዶች ይሁን። ከፊሉ ዋናው ከዋጋ ንረት ጋር በሚያድገው በቲፕስ ቢሆን እመርጣለሁ።

ገቢው ምን ይመስላል? የዲቪደንድ ፈንዱ (ኤስሲኤችዲን ከመረጡ) 3.5 በመቶ፣ ሰፊው ፈንድ 1.3 በመቶ፣ ቦንዱ 4 በመቶ ይክፈል እንበል። በድምሩ በዓመት 17,000 ዶላር ገደማ ነው። የሚያስፈልግዎት 22,400 ነው። ቀሪውን 5,400 ዶላር በዓመት አንድ ጊዜ ከጨመረው ላይ ሸጠው ይሞላሉ። ይህ ከጠቅላላው 1 በመቶ አካባቢ ነው። ድርሻ መሸጥ የሚያስፈራቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ «ዋናውን በላሁ» ይላሉ። ከላይ እንዳየነው ዲቪደንድም ከዋጋው ላይ ነው የሚወጣው። ዋናው ነገር በጠቅላላ የሚወጣው ገንዘብ መጠን ነው። ገበያው በወደቀ ዓመት አክሲዮን አይንኩ። ከዲቪደንዱ፣ ከወለዱና ካስቀመጡት 45,000 ይኑሩ። ያ ገንዘብ የተቀመጠው ለዚያ ቀን ነው።

የትኛውን ፈንድ የትኛው አካውንት ውስጥ እንደሚያስቀምጡ ገንዘብ ያስገኛል፣ ወይም ያስወጣል። ከኤስሲኤችዲና ከመሰሎቹ የሚመጣው ዲቪደንድ በአብዛኛው ዝቅተኛ ታክስ የሚከፈልበት ነው፤ መጣኔው 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ነው። በ2025 ለብቻው ታክስ የሚያሳውቅ ሰው ታክስ የሚከፈልበት ገቢው ከ48,350 ዶላር ካላለፈ በዚህ ዲቪደንድ ላይ የፌዴራል ታክሱ ዜሮ ነበር። እርስዎ በጡረታ ጊዜ እዚያ ውስጥ የመሆን ዕድልዎ ሰፊ ነው። ይህ ጥቅም ግን 401ኬ ውስጥ አይሠራም። ከዚያ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ እንደ ደሞዝ ነው ታክስ የሚደረገው። ስለዚህ የአክሲዮን ፈንዶቹን መጀመሪያ በ120,000ው ብሮከሬጅ አካውንት፣ ቦንዱንና እዚያ ያልበቃውን አክሲዮን በ401ኬው ይያዙ። የኦፕሽን ፈንዶች ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ዝቅተኛ መጣኔ አያገኝም። የሪል እስቴት ፈንዶችም እንደዚሁ ናቸው። ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያቸው 90 በመቶውን የማከፋፈል ግዴታ ስላለባቸው ክፍያቸው ከፍ ያለ ነው፣ ታክሱም ከፍ ያለ ነው። ከፈለጓቸው ጥቂት፣ እሱም በ401ኬ ወይም በአይአርኤ (በግል በሚከፈት የጡረታ አካውንት) ውስጥ ይሁን።

ከ65 በፊት ሥራ ካቆሙ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ገበያ (ማርኬትፕሌስ) በኩል በሚገዙት ኢንሹራንስ ላይ የሚደረገው ድጎማ በገቢዎ ይወሰናል። በብሮከሬጅ አካውንት የሚመጣ ዲቪደንድ ደግሞ ፈለጉም አልፈለጉም ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። 120,000ው በሙሉ ባልደረባዎ ባስገባችበት ፈንድ ውስጥ ቢሆን በዓመት 14,400 ዶላር ሳይጠየቁ ይላክልዎታል። ማቆም አይችሉም።

ዛሬ ምን ያድርጉ? የገቢ ፈንድ ለመግዛት አይቸኩሉ። ለጊዜው ዲቪደንዱ ሁሉ መልሶ እንዲገባ ያድርጉ፤ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀይሩት ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀርዎት ነው። የሥራ ቦታዎን ሰው ሀብት ክፍል ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ፕላኑ ከ60 እስከ 63 ላሉት የተፈቀደውን ተጨማሪ መዋጮ ይቀበላል ወይ? ሁለተኛ፣ ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ በሥራ ላይ እያሉ ገንዘቡን ወደ አይአርኤ ማዛወር ይፈቀዳል ወይ? የ401ኬ ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ፈንዶች ላይኖሩ ይችላሉ። ካዛወሩ ገንዘቡ ከፕላኑ በቀጥታ ወደ አዲሱ አካውንት ይሂድ። በስምዎ ቼክ እንዳይጻፍልዎት ይጠንቀቁ። ከተጻፈ 20 በመቶው ለታክስ ተይዞ ይቀራል፣ በ60 ቀን ውስጥ ሙሉውን ካልመለሱም የቀረው ሁሉ የዚያ ዓመት ገቢ ሆኖ ታክስ ይጣልበታል።